ኮምፒውተር ሲቀየር በፍላሽ ያለው ፎቶ ለምን አልታይ ይላል?

የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። በየከተማው ባሉ የጽሕፈት እና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶች፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢሮዎች እና በመኖሪያ ቤቶች በዚሁ ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አሉ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ እና “ቲፒኤም 2.0” የተሰኘ የደኅንነት ክፍል ያለው ማሽን ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን አይቀበልም። በመኾኑም ያገለገለ ኮምፒውተር የያዘ ሰው ወይ አዲስ ማሽን መግዛት፣ ወይ ያለ ማሻሻያ መቀጠል፣ ወይ ደግሞ እንደ ኡቡንቱ እና ሊኑክስ ሚንት ያለ በነጻ የሚገኝ ሥርዓተ ክወና መጫን ግድ ይለዋል። ሥርዓተ ክወና የምንለው በተለምዶ “ኦፕሬቲንግ ሲስተም” የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራውን እና ሌሎች ፕሮግራሞችን ኹሉ የሚያስተዳድረውን መሠረታዊ ፕሮግራም ነው።

በዚህ ሽግግር ላይ ደጋግሞ የሚሰማ አቤቱታ አለ። ይኸውም “ኮምፒውተሩ ከተቀየረ ወዲህ ፍላሼ ላይ የነበረው ፎቶ ጠፋ” የሚል ነው። አቤቱታው ቀላል አይደለም። በአንድ ትንሽ ፍላሽ ውስጥ የሟች አባት ብቸኛ ፎቶ፣ የልጅ ሠርግ፣ የክርስትና ድግስ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ቅጂ፣ የድንበር ምልክት ምስል፣ በቢጫ ዋግ የተመታ የስንዴ ማሳ ማስረጃ በአንድነት ተቀምጠው ይገኛሉ። በግብርና ኮሌጅ ሳለን የአንድ ክፍል ተማሪዎች የመስክ ልምምድ ፎቶ በአንድ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር እንደነበር አስታውሳለሁ። በገጠር ደግሞ የአንድ ቀበሌ የሰብል ቅኝት ፎቶ ከባለሙያው ፍላሽ በቀር ሌላ ቅጂ የማይኖርበት ጊዜ አለ።

አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው አልጠፋም። ፎቶ የሚጠፋው በሥርዓቱ መቀየር ሳይኾን፣ ፎቶው አልታይ ሲል ባለቤቱ ወይም “እኔ ላስተካክለው” ባዩ ሰው በጥድፊያ በሚጫነው ቁልፍ ነው። ስለዚህ ከኹሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ፦ ኮምፒውተሩ “ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ፎርማት ይደረግ?” ብሎ ሲጠይቅ መልሱ “አይኾንም” ነው። ፍላሹን አውጥቶ ማስቀመጥ እና ምክንያቱን መፈለግ ይቀድማል።

መጋዘኑ እና መዝገቡ

ነገሩን ለመረዳት ፍላሽን እንደ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን እንመልከተው። በመጋዘኑ ውስጥ ማዳበሪያው እና ምርጥ ዘሩ በየጆንያው ተደርድሯል። የትኛው ጆንያ በየትኛው ረድፍ እንዳለ የሚናገረው ግን ንብረት ክፍሉ የያዘው መዝገብ ነው። አዲስ የተመደበው ሠራተኛ መዝገቡ የተጻፈበትን ፊደል ማንበብ ካልቻለ፣ ጆንያው ሳይነካ በቦታው እያለ “ምንም የለም” ሊል ይችላል። በፍላሽ ላይ ያለው ይህ መዝገብ በባለሙያዎች አጠራር “ፋይል ሲስተም” ይባላል፤ አጻጻፉም እንደየኩባንያው ይለያያል።

ከአጻጻፎቹ በስፋት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ 95 ማሻሻያ ጋር የመጣው ፋት 32 ነው። ዊንዶውስም፣ ሊኑክስም፣ ማክም፣ ስልክም፣ ብዙ ቴሌቪዥኖች እና ዲኮደሮችም ያነቡታል። ጉድለቱ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አለመቀበሉ ነው። ረጅም የሠርግ ቪዲዮ ቦታ ባለው ፍላሽ ላይ “አልገለበጥም” የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ፎቶ ግን አንዱ ከጥቂት ሜጋባይት ስለማይዘል ገደቡ አይነካውም።

ኤንቲኤፍኤስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የወጣ ሲኾን የዊንዶውስ ዋና አጻጻፍ ነው። ሊኑክስ ያነበዋል፤ ይጽፍበታልም። ማክ ያነበዋል እንጂ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አይጽፍበትም። ሦስተኛው ኤክስፋት ይባላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሲኾን የ4 ጊጋባይቱ ገደብ የለበትም፤ ትልልቅ ፍላሾች እና የካሜራ ካርዶች ብዙ ጊዜ በዚህ አጻጻፍ ተዘጋጅተው ይሸጣሉ። ሊኑክስ ለረጅም ጊዜ ኤክስፋትን በራሱ አያነብም ነበር። ማይክሮሶፍት ዝርዝሩን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በወጣው የሊኑክስ 5.4 ከርነል ውስጥም ተካተተ። ስለዚህ ኡቡንቱ 20.04 እና ከእርሱ በኋላ የወጡት ኤክስፋት ፍላሽን ያለ ተጨማሪ ነገር ይከፍታሉ። አንድ ሰው ከጓደኛው የቆየ የኡቡንቱ ዲስክ ተቀብሎ፣ ለምሳሌ 16.04ን፣ ቢጭን ግን ትልቁ ፍላሹ አልከፈት ሊለው ይችላል። መፍትሔው ፍላሹን መነካካት ሳይኾን አዲሱን የኡቡንቱ እትም መጫን ነው።

አራተኛው የሊኑክስ የራሱ የኾነው ኤክስት 4 ነው። ፍላሹ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በዚህ አጻጻፍ ተዘጋጅቶ ከኾነ ዊንዶውስ አያውቀውም፤ ያን ጊዜ ነው “ፎርማት ይደረግ?” የሚለው። ጥያቄው የመጣው ፍላሹ ስለተበላሸ ሳይኾን ዊንዶውስ ፊደሉን ስለማያነብ ነው። ወደ ሊኑክሱ ኮምፒውተር መልሶ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት ፍላሽ መገልበጥ በቂ ነው።

አዲሱን ሥርዓት ከመጫን በፊት

ፎቶ በእርግጥ የሚጠፋበት አንድ አጋጣሚ አለ። ሊኑክስን ወይም ዊንዶውስ 11ን ለመጫን መጀመሪያ የመጫኛ ፍላሽ ይዘጋጃል። ይህን የሚሠሩት እንደ ሩፉስ ያሉ ፕሮግራሞች በፍላሹ ላይ የነበረውን ኹሉ ያጠፋሉ። ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ማን ያነባል? ፎቶ ያለበትን ፍላሽ “ለአንድ ሰዓት ብቻ” ብሎ ለመጫኛነት መስጠት ማለት ፎቶውን መስጠት ማለት ነው። ለመጫኛ የተለየ ፍላሽ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩን ለባለሙያ የሚሰጥ ሰውም የፎቶውን ፍላሽ አብሮ ባይሰጥ ይመረጣል።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ፎቶዎችም ቀድመው መውጣት አለባቸው። የኡቡንቱ መጫኛ “ዲስኩን አጥፍቶ ጫን” የሚል ምርጫ ያቀርባል፤ እርሱ ከተመረጠ አሮጌው ኹሉ ይሰረዛል። ጠቃሚው ነገር የኡቡንቱ እና የሚንት የመጫኛ ፍላሽ ሳይጫንም እንዲሁ ለሙከራ መነሳት መቻሉ ነው። ዊንዶውሱ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ቢኾን እንኳ፣ በሙከራ ገጹ ገብቶ በግራ በኩል የሚታየውን የኮምፒውተሩን ዲስክ በመክፈት ፎቶዎቹን ወደ ሁለተኛ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከኾነ ግን የይለፍ ቃሉ ወይም 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ካልተገኘ አይከፈትም። ቁልፉ ሥርዓቱ ከመቀየሩ በፊት በወረቀት ቢገለበጥ መልካም ነው።

ወደ ዊንዶውስ 11 ለሚያልፉ አንድ የማምለጫ በር አለ። ዲስኩ ፎርማት ሳይደረግ ከተጫነ አሮጌዎቹ ፋይሎች “ዊንዶውስ ኦልድ” በሚል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። በዚያ ውስጥ “ዩዘርስ” የሚለውን፣ ቀጥሎ የተጠቃሚውን ስም፣ ከዚያም “ፒክቸርስ” የሚለውን ተከትሎ ፎቶዎቹን ማግኘት ይቻላል። ይህ ፎልደር ግን ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ስለሚሰረዝ ቶሎ መፈለግ ያሻል።

ፍላሹ በሊኑክስ ላይ የት ይታያል?

ዊንዶውስ የለመደ ሰው ፍላሹን ሲሰካ “ዲ”፣ “ኢ” ወይም “ኤፍ” የሚል ፊደል ይጠብቃል። ሊኑክስ ፊደል አይሰጥም። የፋይል ማሳያውን ሲከፍቱ በግራ በኩል ባለው ዝርዝር ላይ ፍላሹ በራሱ ስም ይቀመጣል። ስም ካልተሰጠው በመጠኑ ይጠራል፤ “ባለ 16 ጊጋባይት” እንደ ማለት። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ይከፈታል፤ ከጎኑ ያለው ቀስት የሚመስል ምልክት ደግሞ ማስወጫው ነው።

በዝርዝሩ ላይ ካልታየ ኡቡንቱ “ዲስክስ” የተባለ መሣሪያ አለው። እርሱ ሲከፈት የተሰኩት ማከማቻዎች ኹሉ ይዘረዘራሉ። ፍላሹ በዚያ ከታየ ተመርጦ ከሥሩ ያለው የሦስት ማዕዘን ምልክት ሲጫን ወደ ሥራ ይገባል። በዚያም ካልታየ ችግሩ ከሥርዓቱ አይደለም፤ ሌላ መሰኪያ መሞከር፣ ከዚያም ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ማየት ይገባል።

“የኔ ፍላሽ ተከፈተ፤ ግን ማንበብ እንጂ መጻፍ አልቻልኩም” ወይም “ኤንቲኤፍኤስ ፍላሼን ሊኑክስ እምቢ አለ” የሚሉም አሉ። ፍላሹ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በአግባቡ ሳይወጣ ተነቅሎ ከኾነ መዝገቡ ላይ “ሥራው አላለቀም” የሚል ምልክት ይቀራል። ሊኑክስም መዝገቡን እንዳያበላሽ ይጠነቀቃል። ፍላሹን ወደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር መልሶ በንብረት ገጹ ውስጥ ያለውን የስሕተት መፈተሻ ማሠራት እና በአግባቡ ማውጣት ይበቃል።

ስለ ማውጣት ከተነሳ፣ በሊኑክስ ላይ ይህ ከዊንዶውስ ይልቅ ይጠብቃል። ፎቶ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ በገጹ ላይ “ተጠናቀቀ” ቢልም መረጃው ገና በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ተራ እየጠበቀ ሊኾን ይችላል። በዚያ መካከል ፍላሹ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ የፎቶው ስም ኖሮ መጠኑ ዜሮ የኾነ ፋይል ይቀራል። የማስወጫ ምልክቱን ተጭኖ “አሁን ማውጣት ይቻላል” የሚል መልእክት እስኪመጣ መታገስ ነው።

ፍላሹን በሊኑክስ ሲከፍቱ ከዚህ በፊት ያልታዩ ፎልደሮች ብቅ ማለታቸው ያስደነግጣል። “ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን” የሚለውን ዊንዶውስ የፈጠረው ነው፤ “ሪሳይክል ቢን” የሚለውም የዊንዶውስ የቆሻሻ ቅርጫት ነው። ቫይረስ አይደሉም። በተቃራኒው በሊኑክስ ላይ ከፍላሽ የተሰረዘ ፎቶ “ትራሽ” በሚል ስውር ፎልደር እዚያው ፍላሹ ላይ ይቆያል። ፎቶ አጥፍተው ቦታው ያልተለቀቀላቸው ሰዎች የሚገረሙት በዚህ ነው። በሌላ በኩል በስሕተት የተሰረዘ ፎቶ ከዚያ ይገኛል። ስውሩን ለማየት በፋይል ማሳያው ላይ “ኮንትሮል” እና “ኤች” የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ነው።

ሾርትከት የኾነው ፎቶ

በእኛ ሀገር የፍላሽ ነገር ሲነሳ “ሾርትከት ቫይረስ” ሳይጠቀስ አያልፍም። ፍላሹ በአንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ ቤት ሲደርስ የፎቶው ፎልደሮች ኹሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ኾነው ይገኛሉ። መጠናቸውም ከአንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት አይበልጥም። ባለቤቱ ፎቶው እንደተበላ ያስባል።

ቫይረሱ የሚያደርገው ግን ይህ ነው። እውነተኞቹን ፎልደሮች “ስውር” እና “የሥርዓት ፋይል” የሚል ምልክት ለጥፎባቸው ከዓይን ይሰውራቸዋል። በቦታቸውም ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሾርትከቶች ያስቀምጣል። ሰው ሾርትከቱን ሲጫን መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳና ኮምፒውተሩን ይይዛል፤ ወዲያው ደግሞ እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል። ፎቶው ስለሚታይ ብዙ ሰው ችግር መኖሩን እንኳ አያስተውልም፤ ቫይረሱም በዚያው ወደሚቀጥለው ፍላሽ ይሻገራል። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ኹሉንም ፋይል ሰብስበው ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ይከታሉ። ስሙ ባዶ የሚመስለው በማይታይ ፊደል ስለተጻፈ ነው።

ወደ ሊኑክስ መሻገር በዚህ ረገድ የሚያስገኘው ጥቅም ብዙም አይነገርለትም። በሊኑክስ ዘንድ ስውር የሚባለው ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ነው እንጂ የዊንዶውስን የስውርነት ምልክት የተለጠፈበት አይደለም። ስለዚህ በተለይ በፋት 32 ወይም በኤክስፋት ፍላሽ ላይ በዊንዶውስ የተሰወሩት ፎልደሮች በሊኑክስ ላይ እንዲሁ ተገልጠው ይታያሉ። ሾርትከቶቹም ከጎናቸው ተደርድረው ይገኛሉ፤ ነገር ግን ለዊንዶውስ የተጻፉ ስለኾኑ በሊኑክስ ላይ ሥራ የላቸውም። ለዓመታት “ጠፋ” የተባለ ፎቶ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ ብቅ የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ያን ጊዜ የሚደረገው ፎቶዎችን እና ሰነዶችን ብቻ መርጦ ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ ነው። ሾርትከቶቹ፣ ስማቸው በ“ኤክዜ” ወይም በ“ቪቢኤስ” የሚያልቁ ፋይሎች አይገለበጡም። የተገለበጡትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፍቶ ካዩ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ፣ ከዚያ ፎቶዎቹን መመለስ ይቻላል። ፎርማት ማድረግ ተገቢ የሚኾነው በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ዊንዶውስ ብቻ ያለው ሰው በፋይል ማሳያው ምርጫዎች ውስጥ ስውር ፋይሎችን እና የተጠበቁ የሥርዓት ፋይሎችን አሳይ የሚሉትን ቢያበራ ፎልደሮቹን ያገኛቸዋል። አስቀድሞ ግን ኮምፒውተሩን በጸረ ቫይረስ ማጽዳት ይኖርበታል፤ ያለዚያ ፍላሹ በተሰካ ቁጥር ተመልሶ ይያዛል።

ፎቶው አለ፤ ግን አይከፈትም

ፋይሉ ታይቶ ምስሉ ካልመጣ መጀመሪያ መጠኑ ይታይ። ዜሮ ከኾነ በውስጡ ምንም የለም፤ ዋናው ቅጂ በስልኩ ወይም በካሜራው ካርድ ላይ ካለ ከዚያ መፈለግ ነው። መጠኑ ደህና ከኾነ ስሙ በምን እንደሚያልቅ መመልከት ያስፈልጋል። “ጄፒጂ” እና “ፒኤንጂ” የሚባሉት በየትኛውም ሥርዓት ይከፈታሉ። አይፎን ስልኮች ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ፎቶን “ኤች ኢ አይ ሲ” በተባለ ቦታ ቆጣቢ ዓይነት ያስቀምጣሉ። ከውጭ ሀገር ዘመድ በፍላሽ የሚመጣ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ዊንዶውስ ተጨማሪ ማንበቢያ ይጠይቃል፤ አንዳንድ የሊኑክስ እትሞችም “ሊብሄይፍ” ከተባለው ጥቅል ጋር የሚመጣውን ማሳያ ሊፈልጉ ይችላሉ። ላኪው ከስልኩ “ሴቲንግስ” ውስጥ “ካሜራ”፣ ቀጥሎ “ፎርማትስ” ገብቶ “ሞስት ኮምፓቲብል” የሚለውን ቢመርጥ ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ኹሉ ጄፒጂ ይኾናል።

በአማርኛ የተሰየሙ ፎቶዎችን በተመለከተ ስጋት አይኑር። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለገባ “የአያቴ ፎቶ” ተብሎ በዩኒኮድ የተጻፈ ስም በዊንዶውስም በሊኑክስም ያው ነው። አራት ማዕዘን ሳጥኖች ቢታዩ የጎደለው የፊደል ቅርጽ ማለትም ፎንት እንጂ ስሙ አይደለም።

ፎርማት ከተደረገስ?

ጥድፊያው ቀድሞ ቁልፉ ከተጫነም ነገሩ ገና አላለቀም። ፈጣን የሚባለው ፎርማት መዝገቡን ይቀዳል እንጂ ጆንያዎቹን አያወጣም። ፎቶዎቹ ሌላ ነገር እስኪጫንባቸው ድረስ በቦታቸው ናቸው። ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በጠቅላላው ቦታ ላይ ዜሮ ስለሚጽፍ ምንም አያስቀርም። ከፎርማት በኋላ ፍላሹ ላይ አንድም ነገር አለመጨመር ዋናው ጉዳይ ነው፤ አዲስ ዘፈን ወይም ፊልም የተጫነበት ፍላሽ የአሮጌውን ፎቶ ቦታ ወስዷል።

“ፎቶሬክ” የተባለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። “ቴስትዲስክ” ከተባለው ጋር አብሮ ይመጣል፤ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስ እና በማክ ላይ ይሠራል። መዝገቡን ወደ ጎን ትቶ ፍላሹን ከዳር እስከ ዳር ያስሳል፤ የጄፒጂ ፎቶ መነሻ ምልክት ያገኘበትን ኹሉ እያወጣ ያስቀምጣል። የፎቶዎቹን የቀድሞ ስም እና ፎልደር ግን አይመልስም፤ ብዙ ፎቶ በቁጥር ስም ተደባልቆ ስለሚወጣ መለየቱ ጊዜ ይፈጃል። የተገኘው የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ ላይ ወይም በሌላ ፍላሽ ላይ ነው፤ በዚያው ፍላሽ ላይ ከተቀመጠ ያልወጣውን ይሸፍናል። ገጹ ጽሑፍ ብቻ ስለኾነ ለጀማሪ ያስፈራል፤ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሲሄዱም “ፎቶሬክን ሞክርልኝ፤ ፍላሹ ላይ ምንም አትጻፍበት” ብሎ መናገር ከብዙ ጣጣ ያድናል።

የፎቶው ቀን

ለማስረጃ የሚፈለግ ፎቶ ላይ ቀኑ ከምስሉ እኩል ዋጋ አለው። ዋግ የታየበት ቀን፣ ጎርፍ ማሳ የገባበት ቀን፣ የድንበር ድንጋይ የተነሳበት ቀን ሲጠየቅ በፋይሉ ዝርዝር ላይ የሚታየው ቀን አያስተማምንም፤ ሲገለበጥ ሊቀየር ይችላልና። ትክክለኛው ካሜራው ምስሉን ሲያነሳ በፎቶው ውስጥ የጻፈው ነው። በምስል ማሳያው ላይ “ፕሮፐርቲስ” ወይም “ዝርዝር” የሚለውን ሲከፍቱ ይገኛል፤ የስልኩ ካሜራ የቦታ መመዝገቢያ በርቶ ከነበረ የቦታው መጋጠሚያም አብሮ አለ። ይህ መረጃ በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ይሰረዛል። በቴሌግራምም “እንደ ፋይል” ካልተላከ እንዲሁ ነው። የሰብል ቅኝት ፎቶ ለወረዳ የሚልኩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ቢያውቁት ይጠቅማል፤ በፍላሽ የሄደው ፎቶ ግን መረጃውን እንደያዘ ይደርሳል።

ዊንዶውስ እና ሊኑክስን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን የጫነ ሰው ሰዓቱ በ3 ሰዓት ሲዛነፍ ያያል። ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ውስጣዊ ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ሲቆጥር፣ ሊኑክስ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይቆጥረዋል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። በዚህ መካከል የተገለበጠ ፎቶ የፋይል ሰዓቱ ቢፋለስ በካሜራው የተጻፈው አይነካም።

ስለ ፍላሹ ስለ ራሱ

በገበያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቴራባይት ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ይገኛል። ብዙዎቹ በውስጣቸው ያለው አቅም ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ሲኾን፣ ኮምፒውተሩን ግን ትልቅ እንደኾኑ አድርገው ያሳምኑታል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፎቶ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ባዶ ኾኖ ይቀራል። ስሙ እና መጠኑ ግን በዝርዝሩ ላይ ደህና መስሎ ይታያል። ሥርዓቱን ቀይረው ፎቶው አልከፈት ያላቸው ሰዎች ጥፋቱን በሊኑክስ ላይ ቢያሳብቡም ምክንያቱ ይህ የሚኾንበት ጊዜ አለ። በዊንዶውስ “ኤች 2 ቴስት”፣ በሊኑክስ “ኤፍ 3” የሚባሉ መፈተሻዎች አሉ፤ ፍላሹን እስኪሞላ ጽፈው መልሰው በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይናገራሉ። የሚሠሩት ባዶ በኾነ ፍላሽ ላይ፣ ፎቶ ከመጫኑ በፊት ነው።

ደህና ፍላሽም ቢኾን ለዘለቄታ ማኖሪያ አልተሠራም። መረጃው የሚቀመጠው በኤሌክትሪክ ሙሌት ሲኾን፣ ለዓመታት ሳይሰካ በተለይም በሞቃት ቦታ ሲቆይ ሙሌቱ እየሳሳ ይሄዳል። የሠርግ ፎቶ በፍላሽ አድርጎ በሳጥን መቆለፍ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ ቅጂ በኮምፒውተር ወይም በሌላ ፍላሽ ላይ፣ በተለየ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በአዲስ ዓመት ሰሞን፣ ከፍቶ ማየት እና ወደ አዲስ ፍላሽ መገልበጥም ያስፈልጋል። ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ዋና ፎቶ ደግሞ ፎቶ ቤት ሄዶ በወረቀት ማሳተም አሁንም የሚመከር ነው።

ከውጭ ሀገር የሚመጣ ፍላሽ በማክ ኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀ ከኾነ አጻጻፉ የአፕል የራሱ ሊኾን ይችላል፤ ያን ጊዜ ዊንዶውስ አያነበውም፤ ሊኑክስም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ላያነበው ይችላል። ላኪው ሳይልክ በፊት ፍላሹን “ኤክስፋት” አድርጎ ፎቶዎቹን እንዲጭን በስልክ መንገር ነው። ፍላሹ አስቀድሞ ከደረሰ ደግሞ በአቅራቢያ ማክ ኮምፒውተር ያለው ማተሚያ ቤት ወይም የቪዲዮ ስቱዲዮ ፈልጎ ወደ ሌላ ፍላሽ ማስገልበጥ ይቻላል።